መካና ጂዳ፦ የልውጠ ሕያዋን ስጋት እንዴት ይመዘናል?

ልውጠ ሕያው የሚባለው ዘረመሉ በቤተ ሙከራ ተቀይሮ በተፈጥሮ ርቢ የማያገኘውን ባሕርይ የያዘ ተክል፣ እንስሳ ወይም ረቂቅ ተሕዋስ ነው። እንዲህ ያለው ፍጡር በሰው ጤናና በአካባቢ ላይ ሊያደርስ የሚችለውን ጉዳት አስቀድሞ መርምሮ መከላከል ደግሞ ደህንነተ ሕይወት ይባላል። የዘርፉ ታሪክ ሲነገር የካርታኼና ፕሮቶኮል የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነትና ስምምነቱ የጸደቀባት ሞንትሪያል ይነሳሉ። መካና ጂዳ ግን ብዙም አይነሱም፤ ሊነሱ ይገባ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1997 መቀመጫው ጂዳ የሆነው ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ (የሃይማኖት ሕግ) አካዳሚ የሰውን ቅጂ መፍጠርን ሲከለክል፣ በዕፅዋት፣ በእንስሳትና በረቂቅ ተሕዋስያን ላይ የሚሠራውን የዘረመል ምህንድስና ጥቅም እስካመጣና ጉዳት እስከከለከለ ድረስ ፈቀደ። በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ወር በመካ የተሰበሰበው የሙስሊም ዓለም ሊግ የፊቅህ ምክር ቤት አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። ቴክኖሎጂውን በእርሻና በከብት እርባታ መጠቀም የሚቻለው በሰው፣ በእንስሳ ወይም በአካባቢ ላይ፣ ዘግይቶ የሚመጣም ቢሆን፣ ጉዳት እንዳይደርስ ጥንቃቄ ሁሉ ከተወሰደ ነው አለ። አምራቾችም የምርታቸውን ይዘት እንዲገልጹ ጠየቀ። የካርታኼና ፕሮቶኮል የጸደቀው ከዚያ 15 ወራት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2000 ነው። አንዱ ሌላውን ወለደ ለማለት አይደለም፤ ሁለቱም ግን ፈቃድን በቅድመ ጥንቃቄ ላይ መሥርተዋል።

የሃይማኖት ሊቃውንት በሳይንስ ጉዳይ ምን አገባቸው የሚል ተቃውሞ ይሰማል። ምክር ቤቱ ግን የትኛው ዘር መርዝ እንደሆነ አልበየነም፤ ያ የባለሙያ ሥራ ነው። የበየነው ጥንቃቄው የሚያካትተውን ወሰንና ዘመን ነው። ምን ያህል ስጋት እንሸከም የሚለው ጥያቄ በማይክሮስኮፕ አይመለስም፤ ማኅበረሰብ የሚወስነው ነው። ፕሮቶኮሉም በሦስተኛ አባሪው የሳይንስ ዕውቀት መጓደል ስጋት የለም ለማለት የግድ ማስረጃ ተደርጎ ሊወሰድ እንደማይገባ አስፍሯል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው፦ ሳዑዲ ዓረቢያ ልውጠ ሕያው አትዘራም፣ ለዘር የሚሆነውንም እንዳይገባ ትከለክላለች፤ ታዲያ በበረሃ ውስጥ የአካባቢ ስጋት ከየት ይመጣል? መልሱ የሚገኘው ከግምገማው አሠራር ነው። ስጋት የሚለካው ጉዳቱ የመድረስ ዕድሉ ከክብደቱ ጋር ተዳምሮ ነው፤ ንጽጽሩም ካልተለወጠው ወላጅ ተክል ጋር፣ ፍጡሩ በሚገባበት አካባቢ ላይ ይደረጋል። በጂዳ እስላማዊ ወደብ ለዶሮ መኖ የሚራገፍ በቆሎ መንገድ ላይ ቢፈስስ ውኃ አያገኝም፤ የዱር ዘመዱም ያለው በሜክሲኮና በአካባቢዋ እንጂ በዓረቢያ አይደለም። ስለዚህ ስጋቱ እጅግ ትንሽ ነው፤ ይህንንም በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ጎመን ዘር (ካኖላ) ግን ሌላ ጠባይ አለው። ልውጠ ሕያው ጎመን ዘር ለገበያ በማይመረትባት በጃፓን፣ ከጭነት የፈሰሰው ዘር በወደቦችና በመንገድ ዳር በቅሎ ተገኝቷል። ትንኝ ደግሞ ከሁሉም ይለያል። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በትንኝ የሚተላለፈው የደንጊ ቫይረስ በሚታወቅባት ጂዳ አንድ ቀን ዘረመሉ የተለወጠ ትንኝ ይለቀቅ ቢባል፣ የሚበር ነፍሳት በከረጢት ተሰብስቦ አይመለስምና፣ የመካው ውሳኔ ስለ ዘግይቶ መጪ ጉዳት ያለው ቃል ሙሉ ክብደቱን የሚያገኘው እዚያ ላይ ነው። ጥንቃቄ ሳይንስን ያፍናል የሚሉም ይህን ያስተውሉ፤ ግምገማው ለበቆሎ መኖ በሩን ከፍቶ ለትንኙ ተጨማሪ ማስረጃ ሊጠይቅ ይችላል።

ቀይ ባሕርን ተሻግረን ስናይ ሚዛኑ ይገለበጣል። ኢትዮጵያ ከማሽላ ጥንታዊ መገኛዎች አንዷ ናት፤ የዱር ዘመዶቹም በእርሻው ውስጥና ዳር ይበቅላሉ፣ ከእርሱም ጋር ይዳቀላሉ። ዘረመሉ የተለወጠ ማሽላ ቢዘራ አዲሱ ባሕርይ በአበባ ብናኝ ወደ አረሙ ሊሻገር ይችላል። በፕሮቶኮሉ ድርድር የአፍሪካ ቃል አቀባይ የነበሩት ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ለጠንካራ ሕግ የተሟገቱት እንዲህ ያለውን ሀብት ይዘው ነው። ኢትዮጵያ በ2001 ዓ.ም. ያወጣችውን የደህንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655 በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 896 አሻሽላ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ዘረመሉ ተለውጦ ተባይ የሚቋቋም ጥጥ እንዲመረት ፈቅዳለች።

ግምገማን በየአገሩ መድገም ለድሃ አገር ውድ ነው የሚለው ቅሬታ እውነት አለው። የመርዛማነትና የአለርጂ ምርመራ ውጤትን አገሮች ሊዋዋሱ ይችላሉ፣ ቢዋዋሱም ይበጃል። ማሳውን፣ አረሙንና ንቡን ግን ማንም አያውስም። በጂዳ ወደብ ለመኖ የተፈቀደ እህል በኢትዮጵያዋ መተማ ማሳ ለመዘራት ያ ፈቃድ ብቻ አይበቃውም።