ከዋና አስተዳዳሪ ውጪ ላሉ የሊኑክስ ሰርቨር ተጠቃሚዎች የሼል መዳረሻ ስለ መፍቀድ

በሊኑክስ ሰርቨር ላይ «ሩት» የሚባለው የዋና አስተዳዳሪ መለያ ማንኛውንም ፋይል የማንበብ፣ የመለወጥና የመሰረዝ ሥልጣን አለው። በመሆኑም ድርጅቶች የሩትን የይለፍ ቃል ለባለሙያዎቻቸው ከማጋራት ይልቅ ለእያንዳንዳቸው በስማቸው መለያ ከፍተው የሼል መዳረሻ፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ የማስገባት ፈቃድ፣ እንዲሰጡ ይመከራል። አምስት ሰዎች አንድ የይለፍ ቃል ከተጋሩ ጥፋት ሲደርስ ማን እንደፈጸመው ከምዝግብ ማስታወሻ መለየት እጅግ ያስቸግራል።

ፈቃዱ የሚወሰነው በ«ኢቲሲ» ማውጫ ውስጥ በሚገኘው «ፓስውድ» በተባለ ፋይል ነው። በፋይሉ ለእያንዳንዱ መለያ 7 መስኮች ያሉት አንድ መስመር ተመድቧል። ሦስተኛው መስክ የተጠቃሚውን ቁጥር ይይዛል፤ የሩት ቁጥር 0 ሲሆን በዴቢያንና በሬድ ሃት ቤተሰብ የሰዎች መለያ በተለምዶ ከ1000 ይጀምራል። ሰባተኛው መስክ ሼሉን ይጠቁማል። በዚህ ቦታ «ኖሎጊን» ተጽፎ ከሆነ ተጠቃሚው መለያው አገልግሎት እንደማይሰጥ ተነግሮት ይወጣል፤ «ፎልስ» ከሆነ ደግሞ ያለ አንዳች መልእክት ይዘጋበታል። «የይለፍ ቃሌ ትክክል ሆኖ ሳለ ያስወጣኛል» የሚል ቅሬታ ሲቀርብ በቅድሚያ ሊታይ የሚገባው ይህ መስክ ነው።

አስተዳዳሪው «ዩዘርሞድ» የተባለውን ትእዛዝ ከ«ኤስ» ምርጫ ጋር በመጠቀም ሼሉን ወደ «ባሽ» ይለውጣል። የተመረጠው ሼል በ«ኢቲሲ» ማውጫ ባለው «ሼልስ» ፋይል ውስጥ መመዝገቡን ማረጋገጥ ይገባል። ለድረ ገጽ ወይም ለመረጃ ቋት አገልግሎት ብቻ የተከፈቱ መለያዎች ግን «ኖሎጊን» እንደሆኑ መቆየት አለባቸው፤ ሰው የማይገባበት መለያ ሼል አያስፈልገውም።

ከርቀት የሚገባ ተጠቃሚ የኤስኤስኤች አገልግሎትም ሊፈቅድለት ይገባል። በአገልግሎቱ የውቅር ፋይል ውስጥ «አላውዩዘርስ» የሚል መስመር ካለ ስሙ በዚያ ያልሰፈረ ሰው ሼል ቢኖረውም አይገባም። በቁልፍ ለሚገባ ሰው በመነሻ ማውጫው ሥር ያለው የኤስኤስኤች ማውጫ ፈቃድ 700፣ የተፈቀዱ ቁልፎች ፋይል ደግሞ 600 ይሁን፤ ሌሎች ሊጽፉበት የሚችሉ ከሆነ አገልግሎቱ ቁልፉን አይቀበልም። ውቅሩ ሲለወጥ አስተዳዳሪው የተከፈተውን መስኮት ሳይዘጋ በሌላ መስኮት ገብቶ መሞከር አለበት። ይህን ያላደረገ ሰው ራሱን ከሰርቨሩ ውጪ ሊቆልፍ ይችላል።

የሼል መዳረሻ የአስተዳዳሪነት ሥልጣን አይደለም። ሥልጣኑ ለሥራው የሚያስፈልገው ባለሙያ በኡቡንቱ «ሱዶ»፣ በሬድ ሃት «ዊል» በተባለው ቡድን ውስጥ ይካተታል።

ባለሙያው ሥራ ሲለቅ የይለፍ ቃሉን መቆለፍ ብቻ በቂ አይደለም፤ በብዙ ሰርቨሮች ላይ ቀድሞ ባስቀመጠው ቁልፍ መግባቱን ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ የመለያው ማብቂያ ቀን ያለፈ እንዲሆን ማድረግ፣ ቁልፎቹን ማንሳት፣ ክፍት ግንኙነቶቹን ማቋረጥና በጊዜ ሰሌዳ የሚሠሩ ተግባራቱን መመርመር ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ በላይ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት ሆን ብሎ መግባት በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ድርጊት ስለሆነ ለማን፣ መቼና እስከ ምን ድረስ እንደተፈቀደ በጽሑፍ መዝግቦ መያዝ ለድርጅቱም ለባለሙያውም ማስረጃ ይሆናል።