የሕመምተኛ ረዳትና የእሳት አደጋ ተከላካይ፤ የርዳታ ገንዘብ ሁለቱን ሙያዎች እንዴት እንዳገናኘ

አንድ ሰው ሁለት ሙያ ይዞ እንዲያገለግል ማድረግ በቃል ሲናገሩት ቀላል ይመስላል። አባቶቻችንም «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ። ነገር ግን ሁለተኛውን ባላ የሚተክለው ማን ነው? የእንጨቱንስ ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? ዛሬ በአሜሪካ በብዙ ከተሞች የልብ ሕመም ለያዘው ሰውና ለሚቃጠል ቤት የሚደርሰው አንድ መሥሪያ ቤት፣ አንዳንድ ጊዜም አንድ ሰው ነው። የዚህ ልማድ ዕድሜ ግን ከስድሳ ዓመት እምብዛም አይበልጥም። በዚህ አጭር ጥናት የምንመረምረው ሁለቱን ሙያዎች ያገናኛቸው የሕዝብ ችግር ነው ወይስ ገንዘብ ነው የሚለውን ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከመነሻው ለመረዳት ወደ 1966 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ በድንገተኛ አደጋ ስለሚደርሰው ሞት አንድ ዘገባ አወጣ። ዘገባው እንደሚለው ከአገሪቱ የአምቡላንስ አገልግሎት እኩሌታ የሚሆነው በ12,000 ቀብር አስፈጻሚዎች እጅ ነበር። ምክንያቱ የሕክምና ዕውቀት ስላላቸው ሳይሆን፣ ሰው በቃሬዛ አጋድሞ ለመውሰድ የሚመች መኪና ያላቸው እነርሱ ስለ ነበሩ ነው። በ1965 ብቻ 107,000 ሰዎች በአደጋ መሞታቸውንም ዘገባው ይገልጻል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሐኪም ቤት እስኪደርሱ የሚረዳቸው የሠለጠነ ሰው አልነበረም።

ይህን ጉድለት ለመሙላት ሁለት መንገዶች ተሞከሩ። አንደኛው የሕክምና ረዳቱን ለብቻው ማሠልጠን ነው። በ1967 በፒትስበርግ ከተማ ፍሪደም ሐውስ የተባለ የአምቡላንስ ድርጅት ተቋቋመ። ልቡና ትንፋሹ የቆመን ሰው የማንቃት ዘዴን በማስፋፋት የታወቁት ዶክተር ፒተር ሳፋር፣ ሥራ አጥ የነበሩ ጥቁር አሜሪካውያንን አሠልጥነው በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ተወዳዳሪ ያልነበረው አገልግሎት እንዲሰጡ አበቁ። ሁለተኛው መንገድ እሳት አደጋ ተከላካዮችን ሕክምና ማስተማር ነው። በማያሚ ዶክተር ዩጂን ናጌል፣ በሲያትል ደግሞ ዶክተር ሌናርድ ኮብ ይህን መንገድ መረጡ። በ1970 የሲያትል አገልግሎት ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ዓመትም ካሊፎርኒያ ፓራሜዲክ የሚባሉትን የሕክምና ረዳቶች የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። እሳት አደጋ ተከላካዮች የተመረጡበት ምክንያት ግልጽ ነው። ጣቢያዎቻቸው በየሰፈሩ ተበትነዋል፤ ሌሊትና ቀን ተረኛ አላቸው፤ መኪናቸውና ራዲዮናቸውም ዝግጁ ነው። የጎደላቸው ዕውቀት ብቻ ነበር።

ዕውቀቱን ለመግዛት ግን ገንዘብ ያስፈልግ ነበር። ሮበርት ዉድ ጆንሰን የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት በ1970ዎቹ መጀመሪያ 15 ሚሊዮን ዶላር ለ44 አካባቢዎች አከፋፈለ። በ1973 ደግሞ ኮንግረስ የድንገተኛ ሕክምና አደረጃጀትን የሚረዳ ሕግ አጸደቀ። ይሁን እንጂ ይህ የፌዴራል ርዳታ ከአሥር ዓመት አላለፈም። በ1981 ገንዘቡ ከሌሎች የጤና ርዳታዎች ጋር ተደባልቆ በጥቅል ለክፍላተ ግዛቶች ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ ለአምቡላንስ ሥራ ብቻ የተለየ ሰፊ የፌዴራል ከረጢት አልተገኘም።

በዚህ መካከል የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቶች ሥራ ራሱ ተለወጠ። በ1980 በመላው አገሪቱ 3 ሚሊዮን ገደማ ቃጠሎ ደርሶ ነበር፤ በ2019 ቁጥሩ ወደ 1.3 ሚሊዮን ወረደ። በአንጻሩ የሕክምና ጥሪው ከ5 ሚሊዮን ገደማ ወደ 24 ሚሊዮን ገደማ ወጣ። ስሙ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ይባል እንጂ አብዛኛው ጥሪው ሕመምተኛ ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን ደርሰናል። በ2000 ኮንግረስ ለእሳት አደጋ ተከላካዮች የሚሰጥ ርዳታ ፈቀደ፤ በ2001ም 100 ሚሊዮን ዶላር ተመደበለት። በ2003 ደግሞ አዲስ ተከላካዮችን ለመቅጠር የሚያግዝ ሌላ ርዳታ ታወጀ። ከእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ጋር ግንኙነት የሌላቸው የአምቡላንስ ድርጅቶች ግን ከመጀመሪያው ርዳታ ከመቶ ሁለት እጅ በላይ እንዳያገኙ ተወሰነ። እንግዲህ ገንዘቡ የሚጠራው የእሳት አደጋ ተከላካይን ስም ነው። የሕክምና ረዳት ያላት አንዲት ትንሽ ከተማ ርዳታ ስትጠይቅ፣ ሠራተኛዋን እሳት ማጥፋት ብታስተምረው በሩ ሰፋ ብሎ ይከፈትላታል።

ይህ ሲባል ግን ጥያቄው ለገንዘብ ሲባል የተፈጠረ ምክንያት ብቻ ነው ማለታችን አይደለም። በ1998 የጸናው የፌዴራል የሥራ ደኅንነት ደንብ፣ ሁለት ሰዎች በሚነድ ቤት ውስጥ ሲገቡ ሌሎች ሁለት በውጭ ተዘጋጅተው እንዲቆሙ ያዝዛል። በጣቢያዋ ሁለት ተከላካዮችና ሁለት የአምቡላንስ ሠራተኞች ያሏት ከተማ፣ የኋለኞቹ ካልሠለጠኑ ከሌላ ከተማ ሰው እስኪመጣ መጠበቅ አለባት፤ ሕይወት ለማዳን የግድ ካልሆነ በቀር። ከሠለጠኑ ግን አራቱ ሰዎች በቦታው አሉ። የሚቀመጠው ደቂቃ በቤቱ ውስጥ ላለው ሰው ሕይወት ነው።

ተቃዋሚዎችም የሚሉት አላቸው፤ ልንሰማቸውም ይገባል። አራቱም እሳት ሲያጠፉ ከመካከላቸው አንዱ ቢቃጠል የሚያክመው ማን ነው? ፓራሜዲክ ለመሆን ብዙውን ጊዜ ከሺሕ ሰዓት በላይ ትምህርት ያስፈልጋል፤ ይህን የደከመበትን ሙያ ሁልጊዜ ካልሠራበት ይደበዝዛል። መሥሪያ ቤቶችን ማዋሐድ ብቻውን ሰዎቹን አያስተባብርም። ኒው ዮርክ በ1996 የአምቡላንስ አገልግሎቷን ከእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቷ ጋር አዋሐደች፤ ሙያዎቹና ደመወዞቹ ግን ተለያይተው ቀሩ። በዋሽንግተንም ጋዜጠኛው ዴቪድ ሮዘንባም በ2006 ተደብድበው ወድቀው ሳለ እንደ ሰካራም ተቆጥረው ተገቢውን ርዳታ ሳያገኙ ሞቱ። ከዚያ በኋላ የተቋቋመው አጥኚ ቡድን በ2007 ሁለቱ ሥራዎች በሙሉ እንዲዋሐዱ መከረ። ነገር ግን ሮዘንባምን የበደላቸው የሁለተኛ ሙያ እጦት ሳይሆን ሕመምተኛን በጥንቃቄ አለመመርመር እንደ ነበረ ልብ ሊባል ይገባል።

የፍሪደም ሐውስ ፍጻሜም ትምህርት ይሰጣል። በ1975 የፒትስበርግ ከተማ የራሷን አገልግሎት ስታቋቁም ድርጅቱ ተዘጋ። በርዳታ የቆመ ሥራ ሰጪው እጁን ሲያጥፍ፣ የሠራተኛው ብርታት ብቻውን አያድነውም።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ፍርድ ይህ ነው። ሁለቱን ሙያዎች መጀመሪያ ያገናኛቸው የሕዝብ ችግር ነው፤ በኋላ ግን የግንኙነቱን መልክ የወሰነው ገንዘቡ የተሰጠበት ስም ነው። ስለዚህ ርዳታ የሚጠይቅ ከተማ አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን ሊመልስ ይገባል፤ ሠራተኛው ሁለተኛውን ሙያ በፈቃዱ ይማራልን? የመጀመሪያው ሙያው እንዳይዝግ በየጊዜው ይታደስለታልን? ርዳታው ሲያልቅ ከተማው ራሱ ይከፍላልን? ሦስቱንም አዎን ለሚል ከተማ ርዳታው ዘር ይሆናል፤ አይደለም ለሚል ግን ያው ለአንድ ክረምት የተዋሱት ካባ ነው።