«ኮፊ» እና ካፋ

ኦክቶበር 1 የዓለም የቡና ቀን ነው። በዚህ ሰሞን ከሚደጋገሙት ነገሮች አንዱ እንግሊዞች «ኮፊ» የሚሉት ቃል «ካፋ» ከሚለው የአገራችን አካባቢ ስም ተወሰደ የሚለው ነው። እኔም ይህንኑ ሰምቼና አምኜ ነው ያደግሁት።

ቃሉ አውሮፓ የደረሰበት መንገድ አያከራክርም። የዐረቡን «ቀህዋ» ቱርኩ «ካህቬ» አለው፤ ከዚያ ጣሊያኑ «ካፌ»፣ ሆላንዱ «ኮፊ» አሉት። በ1598 (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሆላንድኛ ወደ እንግሊዝኛ በተመለሰ የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ቃሉ ገና የዐረብኛውን መልክ እንደያዘ ይገኛል። በ1652 ለንደን የመጀመሪያውን ቡና ቤቷን አገኘች።

ክርክሩ ያለው «ቀህዋ» ራሱ ከየት መጣ በሚለው ላይ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ዛፉ የካፋ ተወላጅ ነው፣ ስሙንም ያገኘው ከዚያው ነው አለ። ብሩስ ስለ ቡና የጻፈው ሁሉ የሚናቅ አይደለም። ኦሮሞዎች ሩቅ መንገድ ሲወጡ የተቆላና የተወቀጠ ቡና በቅቤ ለውሰው፣ አድቦልቡለው፣ በቆዳ ከረጢት እንደሚይዙ፣ አንዷ ድቡልቡልም ቀኑን ሙሉ እንደምታቆም የነገረን እሱ ነው። ጎንደር ቤተ መንግሥት ከርሟል፣ ግሽ ዓባይም ደርሷል። ካፋን ግን በዐይኑ አላየም።

ከእሱ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ስለ ቡና መጽሐፍ የጻፈው አብዱልቃድር አልጀዚሪ ሌላ ነገር ይላል። «ቀህዋ» ጥንት የወይን ጠጅ ስም ነበር፤ ሥሩም የምግብ ፍላጎትን ከመዝጋት ጋር የተያያዘ ነው። በእርግጥም ቃሉ ቡና ከመጠጣቱ በፊት በዐረቦች ግጥም ውስጥ ወይን ሆኖ ይገኛል። መጠጡ ሲመጣ የተዘጋጀ ስም ጠበቀው ማለት ነው።

ለእኔ ክርክሩን የሚዘጋው ግን ካፋ ራሱ ነው። የካፋ ሰው ቡናን «ቡኖ» ነው የሚለው። ኦሮሞው «ቡና»፣ ሶማሌው «ቡን» ይለዋል። የአገሬው ሰው ቡናውን በአገሩ ስም ጠርቶት የማያውቅ ከሆነ፣ ባሕር ማዶ ያለው ዐረብ ከየት አምጥቶ በካፋ ይጠራዋል?

ዐረቡም ቢሆን «ቀህዋ» የሚለው የተፈላውን ነው፤ ፍሬው «ቡን» ነው። ጅዳ ወይም ዱባይ የምትሠራ እህታችን ገበያ ወጥታ ጥሬ ቡና ስትጠይቅ፣ ነጋዴው «ቡን» ብሎ ይመዝንላታል።