የካንዴላና የዝናብ የመቶ ዓመት ጠብ

ክረምት ሲገባ ጠዋት ጠዋት በየሰፈሩ የምትሰሟት አንዲት ድምፅ አለች። ሞተሪኖው ይዞራል፣ ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ወዲያው አስተያየት ይጎርፋል። አንዱ "ባትሪ ነው" ይላል፣ ሌላው "ቤንዚን አልቆ ነው" ይላል፣ ሦስተኛው "ግፉት!" ይላል። መኪናው አሮጌ የቤንዚን መኪና ከሆነና ሌሊቱን ዝናብ ሲወርድበት ካደረ ግን መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ውሃ ነው።

ክፍል ውስጥ ያስተማርኳችሁ ታውቁኛላችሁ፤ ታሪክ ማለት የነገሥታትና የጦርነት ዝርዝር ብቻ አይደለም እያልኩ አሰለቻችሁ ነበር። ዛሬም ያንኑ ነው የማደርገው። የሰው ልጅ ዝናብን ከሞተር ለመከላከል ስለታገለበት መቶ ምናምን ዓመት ላውጋችሁ። (ዓ.ም. ያላልኩበት ቦታ ሁሉ ዘመኑ የፈረንጅ ነው።)

በመጀመሪያ ጠቡ ምንድን ነው? የቤንዚን ሞተር የሚሠራው ካንዴላው ጫፍ ላይ በምትፈነጥቅ ብልጭታ ነው። ባትሪው የሚሰጠው 12 ቮልት ብቻ ስለሆነ ኮይሉ ወደ 20,000 ቮልትና ከዚያም በላይ ያሳድገዋል። ከዚያ ዲስትሪቢዩተሩ ተራ እየጠበቀ ለእያንዳንዱ ካንዴላ ያድላል። እንግዲህ ይህን ያህል ቮልቴጅ የተሸከመ ነገር ሁልጊዜ ማምለጫ ይፈልጋል። ንጹህ ውሃ ኤሌክትሪክን እምብዛም አያስተላልፍም፤ መኪና ላይ ያለ ውሃ ግን ንጹህ ሆኖ አያውቅም። ከአቧራ፣ ከጥቀርሻና ከዘይት ጋር ሲቀላቀል በዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ላይ ስስ መንገድ ይሠራል። ብልጭታው ወደ ካንዴላው መሄዱን ትቶ በዚያች መንገድ ወደ ሞተሩ ብረት ይሾልካል። ይህ ሲደጋገም ክዳኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ የከሰል መስመር ይቃጠላል። ያ መስመር ከተሠራ በኋላ ክዳኑን ብታደርቁትም መኪናው ማስቸገሩን አይተውም። "ዝናቡ ካባራ ሳምንት ሆነው፣ አሁንም አልነሳ አለኝ" የሚባለው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ችግሩ ከመኪናው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በ1902 የሮበርት ቦሽ ፋብሪካ መሐንዲስ ጎትሎብ ሆኖልድ የከፍተኛ ቮልቴጅ ማግኔቶን ከካንዴላ ጋር አዋህዶ ሠራ። በ1908 የወጣው የፎርድ ሞዴል ቲ ደግሞ ለአራቱ ሲሊንደሮች አራት ኮይሎች ነበሩት፤ ኮይሎቹ የተቀመጡት በእንጨት ሳጥን ነበር። እንጨትና እርጥበት እንዴት እንደሚዋደዱ የክረምት በር ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው መንገድ አለመኖሩን ነው። መንገድ ቢኖርም እንኳ የዚያ ዘመን መኪና ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደውን የሸገር ዝናብ ለመቻል የተሠራ አልነበረም።

"ታዲያ ለምን ጥርቅም አድርገው አልዘጉትም?" ትሉ ይሆናል። ዘግተውታል እኮ! የዘጋው ጦርነት ነው። ሰኔ 6 ቀን 1944 የኅብረቱ ጦር ኖርማንዲ ሲወርድ መኪኖቹ ከመርከብ ወደ ባሕር፣ ከባሕር ወደ አሸዋ መውጣት ነበረባቸው። ስለዚህ ቀደም ብሎ በሺህ የሚቆጠሩ ጂፖችና የጭነት መኪኖች ዲስትሪቢዩተራቸው፣ ኮይላቸውና ካንዴላቸው እንደ ሊጥ በሚለጠፍ ወፍራም ቅባት ተለሰነ፤ አየር መሳቢያቸውም በቧንቧ ወደ ላይ ተቀጠለ። አስተውሉ፣ ይህ ልስን ለዘለቄታ አልነበረም። ወታደሩ የብስ እንደረገጠ ቶሎ እንዲያነሳው ታዝዟል። እንደተለሰነ ብዙ ከተነዳ ሞተሩ ይግላል፣ ይታፈናል።

ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካኖች ትምህርቱን ይዘው በ1950 ኤም 38 የተባለውን ወታደራዊ ጂፕ ባለ 24 ቮልት፣ ውሃ የማያስገባ የኤሌክትሪክ ሥርዓት አድርገው አወጡት። ዲስትሪቢዩተሩና ኮይሉ በአንድ ብረት ቤት ውስጥ ታሸጉ፣ ገመዶቹም በብረት ሽፋን ተጠቀለሉ። ነገር ግን መሐንዲሶቹ አንድ ነገር መጨመር ግድ ሆነባቸው፤ ለታሸገው ዲስትሪቢዩተር የአየር መተንፈሻ ቱቦ ገጠሙለት። ለምን? ብልጭታ ባለበት ሁሉ ኦዞን ይፈጠራል፣ እርጥበትም ውስጥ ይቀራል። መውጫ ካጡ ክፍሉን ከውስጥ ይበሉታል። በዓለም ላይ ምርጥ የታሸገው እቃ እንኳ መተንፈስ ነበረበት ማለት ነው።

የዚህን ታሪክ ቁም ነገር እዚህ ላይ ያዙልኝ። ሞተር አየር ሳይስብና ሳይቀዘቅዝ መኖር አይችልም። አየር የሚገባበት ቀዳዳ ካለ ደግሞ ውሃም ይገባል። ስለዚህ ጥያቄው ውሃ እንዴት አይገባም የሚለው ብቻ አይደለም። ከገባ በኋላ በየት ይወጣል የሚለው ነው ዋናው።

ይህን የዘነጋ ሲቀጣ አይተናል። በ1959 አሌክ ኢሲጎኒስ የነደፋት ሚኒ ለዓለም ቀረበች። ሞተሩን አግድም አስተኝቶ ትንሿን መኪና ሰፊ ያደረገ ድንቅ ሐሳብ ነበር። ለሙከራ በተሠሩት መኪኖች ካርቡሬተሩ ከፊት ነበር፤ ሞተሩ ሲዞር ካርቡሬተሩ ወደ ኋላ ሄደ፣ ዲስትሪቢዩተሩ ደግሞ ፊት ለፊት፣ ልክ ከግሪሉ ጀርባ ሆነ። እንግሊዝ አገር መቼም የዝናብ አገር ናት። ዝናቡ በግሪሉ ሰተት ብሎ እየገባ ዲስትሪቢዩተሩን ያለብሰው ጀመር። ፋብሪካው ቆይቶ መከለያ አደረገለት። ባለቤቶቹ ግን የራሳቸውን መላ መቱ፤ የእቃ ማጠቢያ የጎማ ጓንት ገዝተው ዲስትሪቢዩተሩ ላይ አጠለቁት። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ወደ ካንዴላ የሚሄዱ አራት ገመዶችና ከኮይል የሚመጣ አንድ ገመድ አለው፤ በድምሩ አምስት። ጓንት ስንት ጣት አለው? የጣቶቹን ጫፍ ቆርጦ ገመዶቹን ማሾለክ ብቻ ነው። የፋብሪካ መሐንዲስ ያላሰበውን የወጥ ቤት እቃ ፈታው።

ቮልስን ደግሞ ተመልከቱ። የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ማሸግ የሚባል ነገር አይታሰብም። ጣሪያው በሚታጠፈው ቮልስ ላይ ሸራው ከኋላ መስታወት ሥር ያለውን የአየር መግቢያ ስለሚሸፍነው፣ መግቢያዎቹ ሞተር ክዳኑ ላይ ተቀደዱ። ዝናብ በቀጥታ ይወርድባቸዋል። ጀርመኖቹ ቀዳዳውን አልደፈኑትም። ከክዳኑ ውስጥ በኩል ውሃ የሚቀበል ዝርግ የቆርቆሮ ሰሃን ገጥመው ውሃው ወደ ዳር እንዲፈስ አደረጉ። አየሩ ይገባል፣ ውሃው ይቀራል። ከቤታችን አሸንዳ በምን ይለያል?

ወደኛ እንምጣ። ከጋራዥ ቋንቋችን ብዙው ጣሊያንኛ ነው፤ ካንዴላ፣ ኮፈን፣ ሞተሪኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ጎሚስታ። ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው። ሻማ ደግሞ ዝናብ እንደማይወድ ማንም አይነግረንም። ከቃላቱ ጋር የመጡት ትልልቆቹ የፊያት ጭነት መኪኖች ግን ካንዴላ አልነበራቸውም። ትሬንታ ኳትሮ ናፍጣ ነበር፤ በኋላ የመጣው ኤንትሬም እንዲሁ። ናፍጣ ሞተር አየሩን አምቆ በሙቀቱ ነው ነዳጁን የሚያቀጣጥለው፤ ብልጭታ አያስፈልገውም። ስለዚህ የቤንዚን መኪና በክረምት መንገድ ዳር ቆሞ ሲያነጥስ ናፍጣው ጭቃውን እያቦካ ያልፈው ነበር።

ከተማ ውስጥ ግን ሴይቼንቶ፣ ቮልስና ላዳ ነበሩ፤ ሁሉም ባለ ካንዴላ። የታክሲ ሾፌር ጠዋት ጨርቁን ይዞ ኮፈን ከፍቶ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ውስጡንም ውጭውንም ማድረቅ አለበት። ፌስታል የሚያለብስ አለ፣ ከከመነዳሪ ቆርጦ መከለያ የሚሠራም አለ። ከሁለቱ የሚሻለው የትኛው ነው? ፌስታሉን ጥብቅ አድርገህ ካሰርከው ከላይ የሚመጣውን ዝናብ ያግዳል፤ ሌሊት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ግን ውስጡ የሚያላበው እርጥበት መውጫ ያጣል። ከላይ ሸፍኖ ከታች ክፍት የሆነው የከመነዳሪ ቁራጭ ጀርመኖቹ በቆርቆሮ የሠሩትን ነው የሚሠራው። ይህን የሠራው ሰው ስሙ በየትም አልተጻፈም። ኢሲጎኒስ የ"ሰር" ማዕረግ አገኘ፣ የኛው ሰው የቀን ገቢውን አገኘ።

መድኃኒቱም የራሱ ታሪክ አለው። በ1953 ሳንዲያጎ ውስጥ ሮኬት ኬሚካል የተባለች ትንሽ ድርጅት አትላስ የተባለውን ሚሳይል ከዝገት የሚጠብቅ ፈሳሽ ፈለገች። በአርባኛው ሙከራ ተሳካ። ስሙንም "ውሃ ማስለቀቅ" ከሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላትና ከአርባኛው ሙከራ ወስደው ደብሊው ዲ 40 አሉት። በ1961 ካርላ የተባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካን የባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ሲመታ በጎርፍ የተበላሹ መኪኖችን ለማዳን በገፍ ተፈለገ። ስሙን እዩት፤ "ውሃ ከልካይ" አይደለም፣ "ውሃ አስለቃቂ" ነው። (ስትጠቀሙ ሞተሩ ጠፍቶና በርዶ ይሁን፤ የሚነፋው ነገር ይቀጣጠላል።)

"መምህር፣ ይሄ ሁሉ የድሮ ነው፤ ዛሬ ዲስትሪቢዩተር ያለው መኪና የት አለ?" እንዳትሉኝ። እውነት ነው፣ አዳዲሶቹ የቤንዚን መኪኖች እያንዳንዱ ካንዴላ አናቱ ላይ የራሱ ኮይል ተቀምጦለታል። ጠቡ ግን ቦታ ቀየረ እንጂ አልበረደም። ዛሬ ውሃ ካንዴላው የተቀመጠበት ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚተኛው። ብዙ ጊዜም የሚያስገባው ዝናብ ሳይሆን ላቫጆ ነው፤ በኃይለኛ ግፊት ሞተር ሲታጠብ። ከፊት መስታወቱ ሥር ያለችውን የውሃ መውረጃም ተመልከቱ። ዛፍ ሥር የሚቆም መኪና ቅጠል ይሞላባትና ውሃው ወደ ሞተር ክፍሉ ወይም ወደ ኤሌክትሪክ ገመዶቹ ይዞራል። በእጅ ጠርጎ ማውጣት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ጎርፍ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ድልድይ ሥር የተኛ ውሃ ውስጥ ሰተት ብለው የሚገቡ አሉ። ብልጭታ ቢጠፋ መኪናው ይቆማል፣ ደርቆ ይነሳል። አየር መሳቢያው ውሃ ከሳበ ግን ሌላ ነገር ነው። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም፤ ፒስተኑ ሊያምቀው ሲሞክር ቢየላው ይጣመማል። እዚህ ላይ ናፍጣም አይምርም፣ እንዲያውም የሚያምቀው የበለጠ ስለሆነ ጉዳቱ ይብሳል። ውሃ ውስጥ የጠፋ ሞተር እዚያው ለማስነሳት አትሞክሩ፤ አስጎትታችሁ አውጡት። ወራጅ ውሃ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከመኪና ያልፋል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት አባቶቻችን መኪና ሳያዩ ነው።

በ2016 ዓ.ም. አገራችን የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክላለች፤ የኤሌክትሪኩ ዘመን መጥቷል። ካንዴላ የለም፣ ኮይል የለም። "እንግዲህ ከዝናብ ተገላገልን" የሚሉ ሰምቻለሁ። ብዙዎቹ የባትሪ ሳጥኖች አይፒ 67 የሚል ደረጃ ተለጥፎባቸዋል። ትርጉሙ አቧራ አያስገባም፣ 1 ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይችላል ማለት ነው። ይህ ግን በንጹህና በረጋ ውሃ፣ በአዲስ እቃ የተለካ ነው። የሸገር ጎርፍ ንጹህም የረጋም አይደለም፤ ጎማ ማሸጊያም በጊዜ ይደርቃል። ወታደሮቹ በ1944፣ መሐንዲሶቹ በ1950 ያዩትን እኛም ማየታችን አይቀርም።

ላዳና ቮልስ ሲያነሱ የኖሩ ሾፌሮችና መካኒኮች ዛሬ አርጅተዋል። የእነሱ ብልሃት የተጻፈበት መጽሐፍ የለም፤ እነሱ ካለፉ አብሮ ያልፋል። አባቱ፣ አጎቱ ወይም ጎረቤቱ ጋራዥ የሠራ ካለ ይጠይቅልኝና እዚህ ሥር ይጻፍልን፦ በክረምት መኪና እንዴት ታስነሱ ነበር? ያም ታሪክ ነው።

መልካም ክረምት፣ ወዳጆቼ።