ወይን ጠጅ በኢትዮጵያ፦ ከአክሱም መጥመቂያ እስከ ዝዋይ ጠርሙስ

በግዕዝ «ወይን» የሚለው ቃል ሐረጉንም፥ ፍሬውንም፥ ከፍሬው የሚገኘውንም መጠጥ ያመለክታል። አማርኛ ግን መጠጡን ከፍሬው ለመለየት ሲፈልግ «የወይን ጠጅ» ብሎ በማር መጠጥ ስም ይጠራዋል። ይህ አሰያየም ማር በአገራችን ማዕድ ላይ ወይንን ምን ያህል እንደረታው ያሳያል። ይሁን እንጂ ይኸው ቋንቋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1500 እስከ 2300 ሜትር ገደማ የሚደርሰውን፥ አብዛኛው ሕዝብ የሰፈረበትን ምድር «ወይና ደጋ» ይለዋል። የወይን ደጋ ማለት ነው። አንድ ሕዝብ የሚኖርበትን ምድር በማያውቀው ተክል ስም አይጠራም። ስለዚህ «ወይን ትናንት ከባሕር ማዶ የመጣ የባዕድ ነገር ነው» የሚለው ልማዳዊ አስተያየት ከመነሻው መመርመር ይገባዋል።

ወይን ጠጅ ከውጭ መግባቱ እርግጥ ጥንታዊ ነው። በመጀመሪያው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መጽሐፍ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል የሶርያዋን የሎዶቅያንና የኢጣሊያን ወይን ይቆጥራል፤ መጠኑ ግን ብዙ እንዳልነበረ ጨምሮ ይገልጻል። በአክሱምና በአዱሊስ የተገኙት ባለ ሁለት ጆሮ የሸክላ ማሰሮዎችም የዚሁ ንግድ ዘመን ምስክሮች ናቸው። ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አያበቃም። በአክሱም አካባቢ ከአለት ተፈልፍለው የተሠሩ የወይን መጥመቂያዎች ተገኝተዋል፤ በቁፋሮም የወይን ፍሬ ዘር ወጥቷል። በታላላቆቹ ሐውልቶች ግርጌ በተነጠፈው ድንጋይ ላይ የተቀረጹት ጽዋ መሰል ጎድጓዶች ደግሞ መጠጥ በሥርዓተ አምልኮ የነበረውን ስፍራ ያሳስባሉ። ከውጭ የሚገዛ ብቻ የሆነ ሰው መጥመቂያ ከአለት አይፈለፍልም። መጥመቂያ የተፈለፈለው የሚረገጥ ዘለላ ስለነበረ ነው።

ታዲያ ይህ ሙያ ወዴት ገባ? ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ፍንጭ የሚሰጠው እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን በአገሪቱ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። አልቫሬዝ እንደ ጻፈው ከወይን ፍሬ የሚጣል ጠጅ በግልጽ የሚሠራው በሁለት ቤቶች ብቻ ነበር፤ በንጉሠ ነገሥቱና በጳጳሱ በአቡነ ማርቆስ ቤት። ሌላ ሰው ቢሠራ በስውር ነበር። እንግዲህ ወይኑ የጠፋው አፈሩ አላበቅል ስላለ ወይም ሕዝቡ ሙያውን ስላልቻለ ብቻ አልነበረም። ጥያቄው የሥልጣንም ጥያቄ ነበር። ምድሩ የሚሰጠው ፍሬ ከሁለት ደጃፎች እንዳያልፍ ሲደረግ ገበሬው ለማን ብሎ ሐረግ ይተክላል?

በቤተ ክርስቲያን ያለው ሌላ መልክ ነበረው። አልቫሬዝ እንደሚገልጸው ለቅዳሴ የሚሆነው ወይን የሚዘጋጀው ከዘቢብ ነው፤ ዘቢቡ አሥር ቀን ያህል ውሃ ውስጥ ተነክሮ ካበጠ በኋላ ይወቀጥና በጨርቅ ይጨመቃል። ይህ ሥርዓት በዋናው መልኩ እስከ ዛሬ አለ። ዲያቆኑ በቤተ ልሔም ከሚያዘጋጀው ኅብስት ጎን ዘቢቡን ይዘፈዝፋል፤ ጭማቂው ሳይፈላ ወደ መቅደስ ይገባል። «ጧፍ፥ ዕጣን፥ ዘቢብ» የሚለው የምእመናን መባ ስም ከሕዝቡ አፍ አልተለየም። የወይን ትዝታ በሰፊው ሕዝብ ዘንድ የኖረው በግብር አዳራሽ ሳይሆን በዚህች በደረቀች ፍሬ ነው።

ጠጅ ለምን አሸነፈ የሚለውም ከሥራው ጠባይ ሊታይ ይገባል። ማር በቅል ወይም በእንስራ ሆኖ ወራት ይቆያል፤ በአህያ ተጭኖ ሩቅ አገር ይሄዳል፤ ለግብርም ይመቻል፤ ገባሩም ለባላባቱ ማር ሲያገባ ኖሯል። ውሃ፥ ማርና ጌሾ እስካሉ ድረስ ባለሙያዋ ሴት በፈለገችው ቀን ጠጅ ትጥላለች። የወይን ዘለላ ግን ከሐረጉ ከተቆረጠ በኋላ ጊዜ አይሰጥም። በጥቂት ቀን ውስጥ ካልተጨመቀ ይበላሻል። በሚበስልበት ወቅት ዝናብ ከመጣ ፍሬው ውሃ ይቋጥራል፥ ይፈነዳል፥ ይሻግታል። የክረምት ዝናብ በሚበረታበት ደጋችን ይህ ቀላል ጠላት አይደለም።

ሌላም ችግር አለ፤ ይህኛው ብዙ ጊዜ አይወሳም። በሜዲትራንያን አገሮች የወይን ሐረግ በክረምቱ ቅዝቃዜ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ በጸደይ ይነቃል። ከምድር ወገብ ብዙ በማንርቅ በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ብርድ ስለሌለ ሐረጉ ዕረፍት አያውቅም። በመሆኑም የወቅቱን ሥራ ሰው ይሠራዋል፤ ውሃውን እየቀነሰ፥ ቅርንጫፉን በመቀስ እየገረዘ ተክሉን ያስተኛዋል፥ መልሶም ያነቃዋል። ይህን ስልት የተካነ አትክልተኛ ከአንድ ማሳ በዓመት ሁለት ጊዜ መሰብሰብ ይችላል፤ ምርቱም በደረቁ ወራት እንዲደርስ ያደርጋል። መቀሱ የቀን መቁጠሪያውን ይተካል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በየትኛውም አገር ተመሳሳይ ነው። ዘለላው በማለዳ፥ ሙቀት ሳይበረታ ይቆረጣል፤ ፍሬው ከእንጨቱ ተለይቶ ይጨፈለቃል። ለቀይ ወይን ጭማቂው ከነልጣጩ ይፈላል፤ ቀለሙ ያለው በልጣጩ ነውና። ለነጩ ግን ቀድሞ ይጨመቅና ጭማቂው ብቻ ይፈላል። እርሾው ስኳሩን በልቶ አልኮልና ጋዝ ያወጣል፤ ጋኑ ይንተከተካል፥ ይሞቃል። በዚህ ጊዜ ሙቀቱን መግታት የባለሙያው ትልቁ ጭንቀት ነው፤ ካለፈ እርሾው ይሞታል፥ መዓዛውም ይጠፋል። ጌሾ አይገባበትም፤ የጌሾን ምረት ተክቶ አፍ የሚያጠብቀው የልጣጩና የዘሩ ጠባይ ነው። ፈልቶ ሲረጋ ከአተላው ይለያል፤ በብረት ጋን ወይም በእንጨት በርሜል ወራት፥ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ ተጣርቶ በጠርሙስ ይገባና በቡሽ ይዘጋል።

በኢትዮጵያ ይህ ሥራ በፋብሪካ ደረጃ የተጀመረው በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ከአብዮቱ በኋላ የመንግሥት ሀብት ሆኖ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ግል ይዞታ ተላልፏል። ጉደርና አክሱማይት የተባሉት ምርቶቹ በየሠርጉና በየበዓሉ ጠረጴዛ ላይ የታወቁ ናቸው። የሁለቱ ስም አመራረጥ ሊጤን ይገባዋል። አንደኛው የወንዝና የከተማ፥ ሁለተኛው የጥንታዊ ሥልጣኔ ስም ነው። ስሙን ያወጣው ሰው መጠጡን ከአገሩ ታሪክ ጋር ማስተሳሰር ፈልጓል።

ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ከቦርዶ የመጡ ችግኞችን ተከለ። ሜርሎ፥ ሲራ፥ ካቤርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የተባሉ ዝርያዎች ናቸው። ማሳውን ከጉማሬና ከዘንዶ ለመከላከል ዙሪያውን ቦይ ተቆፈረ፤ ይህን ችግር የቦርዶ ገበሬ አያውቀውም። የመጀመሪያው ምርት እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ ሲቀርብ 1.2 ሚሊዮን ጠርሙስ ያህል ነበር፤ ከፊሉም ወደ ውጭ አገር ተላከ። ጠርሙሶቹ «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሲያ» የሚሉ ስሞች ተሰጧቸው። ዝዋይ ከባሕር ጠለል በላይ 1640 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ይኸውም ገበሬው ከጥንት ጀምሮ ወይና ደጋ ሲለው በኖረው ምድር ውስጥ ነው።