ባዶ የሚመስለው መሬት

ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ከገባ ገና ሳምንቱ ነው። ነፋስ ስልክ የነበረው የጥይት መጋዘን በእሳት ተያይዞ ፈነዳ። ዙሪያው መኖሪያ ሰፈር ስለነበር ብዙ ሰው አለቀ። የ1977ቱን ረሃብ በካሜራው ለዓለም ያሳየው ኬንያዊ መሐመድ አሚን ቃጠሎውን ሊቀርጽ ወደ ቦታው ሄዶ ነበር። ሌላ ፍንዳታ ደረሰና ግራ እጁን አጣ፤ አብሮት የነበረው የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ ሞተ።

"ሌላ ፍንዳታ" የምትለዋን ልብ በሉልኝ። መጋዘን አንዴ ጮኾ ዝም አይልም። የአንዱ ክምር ፍንጣሪና ሙቀት ቀጣዩን ያቀጣጥላል። ስለዚህ ዕቅድ አውጪዎች ሁለት ርቀት ይለካሉ፤ ከመጋዘን እስከ ሰው፣ ከመጋዘን እስከ መጋዘን።

ይህ ትምህርት በደም የተገዛ ነው። በ1864 እ.ኤ.አ. ስቶክሆልም ውስጥ የአልፍሬድ ኖቤል ናይትሮግሊሰሪን ማምረቻ ፈንድቶ ታናሽ ወንድሙን ኤሚልን ጨምሮ ሰዎች ገደለ። ከተማው ሥራውን ሲከለክልበት ኖቤል ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ማምረቻውን ጀልባ ላይ ጭኖ ሐይቅ ላይ ወጣ!

ርቀቱስ ስንት ይሁን? የፍንዳታ ሞገድ እንደ ኳስ ወደ ርዝመት፣ ወደ ስፋትና ወደ ቁመት ስለሚሰፋ ስሌቱ በኪዩብ ሩት ነው። የፈንጂው ክብደት 8 እጥፍ ቢሆን ያው ግፊት 2 እጥፍ ርቀት ድረስ ይደርሳል፤ 27 እጥፍ ቢሆን 3 እጥፍ።

አሁን ድሬዳዋ አጠገብ ያለችውን ሐርላን አስቡ። በቁፋሮ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ የተገኘባት መንደር ናት። እዚያ አቅራቢያ የድንጋይ ካባ ተከፈተ እንበል (ምሳሌ ነው፣ አትደንግጡ)፤ ድማሚት ማስቀመጫም ይፈልጋል። ለ1 ቶን የሚበቃው ርቀት ለ8 ቶን አይበቃም፣ እጥፉ ያስፈልጋል። በዙሪያው የአፈር ግንብ ቢቆለል በዝቅታ የሚበረውን ፍንጣሪ ያስቀራል፤ ሞገዱ ግን ከላይ ተሻግሮ ይሄዳል። ጣሪያው ቀላል ይሁን፣ ሲወድቅ እንዳይጨፈልቅ። መብረቅ መከላከያም አይረሳም።

ከባዱ ነገር ከዚያ በኋላ ይመጣል። በመሃል የተተወው መሬት ለዓይን ባዶ ነው። አንዱ ጎጆ ይቀልስበታል፣ ሌላው ሱቅ ይከፍታል። ያኔ ስሌቱ እንደገና ይሠራል፦ ወይ የሚቀመጠው ድማሚት ይቀንሳል፣ ወይ መጋዘኑ ይነሳል።