የጸሐፊው ሰንጢ

ጎራዴ ባለቤቱ ሲሞት ከግድግዳ ይሰቀላል፤ ጠመንጃ ለልጅ ይወረሳል። ሰንጢ ግን ከኪስ እየወጣ፣ በድንጋይ እየተሳለ፣ ስለቱ ከዓመት ዓመት እየጠበበ ያልቃል። ስለ ጎጃም ብረት ሲወራ ምንሽሩና ጎራዴው ቀድሞ የሚነሣው ለዚህ ይመስለኛል። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ያለው አገር ግን በጀግናው ብቻ ሳይሆን በተማሪውም የሚጠራ ነው። የተማሪው ታሪክ ደግሞ ያለ ትንሽ ስለት አይጻፍም።

ማንኩሳ የፍኖተ ሰላም ጎረቤት ናት። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚነሣው ከዚያች መንደር ነው፤ የመጽሐፉ ዋና ገጸ ባሕርይ በዛብህም ከዚያ ወጥቶ በቤተ ክህነት ትምህርት ያደገ ልጅ ነው። ለቅኔ ስማቸው የሚነሣው ዋሸራና ጎንጅም ሁለቱም የጎጃም ናቸው። የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ በትር ይዞ ከደብር ደብር ይዞራል። ቁም ጽሕፈት የተማረው ደግሞ በዚህ ላይ የቀለም ቀንዱንና መቃ የሚቀርጽበትን ስለት ይጨምራል።

ብዕር መቅረጽ ቀላል ሥራ አይደለም። የደረቀው መቃ ጫፉ በሰያፍ ይቆረጣል፤ ቀለሙ እንዲወርድ መሐሉ በስሱ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ አፉ ቀጥ ተደርጎ ይከረከማል። አፉ ሰፊ ከሆነ ፊደሉ ይደልባል፤ ከጠበበ ይቀጥናል። የግዕዝ ፊደል ቋሚው ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጭን የሚሆነው በዚሁ ቅርጽ ነው። መቃ ብራና ላይ ሲውል አፉ ይላላል፣ ይደነዝዛል፤ ጸሐፊውም ከመስመሩ ቀና ብሎ እንደገና ይቀርጻል። 150ውን የዳዊት መዝሙር ጽፎ እስኪጨርስ ስንት ጊዜ እንደሚቀርጽ አስቡት!

ሰንጢው ሌላም አገልግሎት አለው። ከጥላሸት የተበጠበጠ ጥቁር ቀለም ቆዳው ውስጥ ጠልቆ አይገባም፤ ላይ ላዩን ይቀመጣል። ስለዚህ ፊደል የተሳሳተ ጸሐፊ በስለቱ ጠርዝ ፋቅ ፋቅ አድርጎ፣ ቦታውን አለስልሶ በላዩ ይጽፋል። አሮጌ ዳዊት ሲገኝ ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንሥቶ ማየት ነው፤ ሳሳ ያለው፣ ሻከር ያለው ቦታ ስለት ያለፈበት ነው። እኔ ከሐረጉና ከሥዕሉ ይልቅ ይህን መፈለግ ይቀናኛል።

ብረቱ ከቀጥቃጩ እጅ ይወጣል። ወናፍ፣ ጉጠት፣ መዶሻና የከሰል ፍም ያለው ሰው ማጭድም ማረሻም ቢላዋም ይሠራል። ያለሱ ገበሬ አያርስም፣ ጸሐፊ አይጽፍም፤ ግን «ጠይብ ነው፣ ቡዳ ነው» እየተባለ ይታማል፣ ይገለላል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለሙያን በሥራው መሳደብን ከለከሉ። አዋጁ ብረት ሠሪውን ጠይብ ማለትን ብቻ አልነበረም የነቀፈው፤ የሚጽፈውንም ሰው ጠንቋይ ማለትን ነቅፏል። ሰንጢ ሠሪውና ሰንጢ ያዡ በአንድ አዋጅ ተገናኙ ማለት ነው። ስድቡ በአዋጅ አልጠፋም፤ ይህን የማያውቅ የጎጃም ሰው ያለ አይመስለኝም።

ለቀጥቃጩ አዲስ ብረት ያመጣለት ደግሞ መንገድ ነው። በጣሊያን ዘመን ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ የተዘረጋው መንገድ ቡሬንና ደምበጫን አቋርጦ ያልፋል። መንገድ መኪና ያመጣል፤ መኪና ሲያረጅ ባሌስትራው ለቀጥቃጭ ይደርሳል። ባሌስትራ ጥሩ ብረት ነው፤ ሲሳል ስለት ይይዛል፣ ቶሎ አይታጠፍም። ብዕሩ ግን እየቀረ ሄደ። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት፣ እስክሪብቶውም ከሱቅ ሆነ። ሰንጢ ለመቃ ሳይሆን ለሸንኮራ፣ ለዋሽንት ሸምበቆና ለጅራፍ ጠፍር ቀረ።

በሌላው ዓለም የሚታጠፍ ቢላዋ መሰብሰብ የታወቀ ፍቅር ነው። በኦስትሪያ ሃልሽታት የተገኘው የአጥንት እጀታ ያለው ተጣጣፊ ቢላዋ ከ2,500 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው ይባላል። ለአፍሪካ ተብለው የተሠሩም አሉ። ኦካፒ የተባለው ሰንጢ እ.ኤ.አ. በ1902 በጀርመን ዞሊንገን ከተማ ለቅኝ ግዛቶች ገበያ ተጀመረ፤ በ1988 ሥራው ወደ ደቡብ አፍሪካ ዞረ። የፈረንሳዩ ዱክ ዱክ እ.ኤ.አ. በ1929 ለፓስፊክ ደሴቶች ታስቦ ተሠርቶ አልጄሪያ ውስጥ ገነነ። ሰብሳቢዎቹ የፋብሪካውን ማኅተም ይመረምራሉ፤ ያልተሳለ፣ ያልተነካ ሲገኝ ዋጋው ይንራል።

ይህ መመዘኛ ለጎጃም አይሆንም። የእኛ ቀጥቃጭ ማኅተም አያሳርፍም፣ ያልተሳለ ሰንጢም ሥራ ያልሠራ ሰንጢ ነው። ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ ከ9,000 በላይ የአገራችን የብራና መጻሕፍት በማይክሮ ፊልም ተነሥተዋል፤ ፊልሙ የሚያሳየው ግን ጽሑፉን እንጂ ብዕሩን የቀረጸውን ሰንጢ አይደለም። በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ካለው ከጃቢ ጠህናን ገጠር አንድ አዛውንት መሪጌታ እጅ ግማሹ ተስሎ ያለቀ ሰንጢ ቢገኝ እኔ ከአዲሱ ኦካፒ አስበልጬ እገዛዋለሁ፤ ከመግዛቴ በፊት ግን የትኛውን መጽሐፍ እንደጻፈበት፣ ብረቱንም ማን እንደቀጠቀጠው ጠይቄ አጽፋለሁ።